የተቀበረው አንገት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ማይክ ይዞ ተነሣና፣ «ደሳለኝ በዚህ ሁሉ ዘመኑ አንድም ዛፍ ሞቶበት አያውቅም!» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ወጥ ቤቶቹ፣ አስተናጋጆቹ፣ የጥበቃ ሰዎች ሳይቀሩ አጨበጨቡልኝ፤ ጋቢ ደረቡልኝ፤ ኬክም ተቆረሰ። እኔም ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው፤ ሰው የነገረውን ነው የደገመው፤ አልፈርድበትም። ግን ያለው ነገር እውነት አይደለም። አንድ ዛፍ ገድያለሁ። መግደል ብቻ ቢሆን እንኳ ባልከፋ፤ ገድዬ ዝም ብያለሁ።

ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩት ለዚያ ነው። እግረ መንገዴንም ስለ ሙያዬ ጥቂት እኮራለሁ። ጡረተኛ ከኩራት ሌላ ምን ቀረው?

ሰው አትክልተኛ ይለኛል። ነኝም። ግን የእኔ ሥራ ሣር ማጨድና አጥር መከርከም አልነበረም። በሆቴል መግቢያ፣ በባንክ አዳራሽ ወይም ደህና ኑሮ ባለው ሰው ሳሎን ውስጥ ከሶፋው ጎን ቆሞ የምታዩት፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ዛፍ አለ አይደል? እሱን ከነበረበት አውጥቼ፣ ሥሩን ሳልጎዳ፣ ጌጠኛ ማሰሮ ውስጥ ቀጥ አድርጌ ማቆም ነው ሙያዬ። ቡታጅራ ጀምሬ ወልቂጤ ጨረስኩት። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ዛፍ በሆቴል አዳራሽ ውስጥ እንደ ሰው ሲደላው ለማየት ግን ብዙ ዓመት ይፈጃል።

የተወለድኩት ቡኢ አጠገብ ነው። አባቴ እንሰት ተካይ ነበር። የእንሰትን ነገር ለማያውቅ ልንገር፤ እንሰት ተተክሎ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ሲያድግ እየተነቀለ ወደ ሰፊ ቦታ ይዛወራል። በተዛወረ ቁጥር ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈርለታል፤ ፍግ ይደለደልለታል፤ ከዚያ እስኪጠግብ ይወፍራል። አባቴ ሌላ ምክር አያውቅም ነበር። «ጥልቅ አድርገህ ቅበረው፤ ፍግ አብላው፤ የቀረውን ለእግዜር ተወው» ይል ነበር። በዚህ ምክር ስድስት ልጆች አሳድጓል።

ቡታጅራ የችግኝ ጣቢያ ስቀጠር ቅጹ ላይ «የቀን ሠራተኛ» ተብዬ ተመዘገብኩ። ክፍያውን ባልናገረው ይሻላል። እዚያ ግን ደመወዝ የማይገዛው ሰው አገኘሁ። ጋሽ ሸምሱ ይባላሉ፤ የመስቃን ሰው ናቸው፤ የጣቢያው አዛውንት ተካይ ነበሩ። ገና የመጀመሪያው ቀን አንድ ትልቅ ማሰሮ ከነዛፉ አሳዩኝና፣

«ይሄ ውሃ ከጠጣ ስንት ቀኑ ነው?» አሉኝ።

«እኔ ምን አውቄ ጋሼ፤ ዛሬ መምጣቴ ነው።»

«አንሳውና እሱ ይነግርሃል።»

አነሣሁት። ቀለለኝ። አጠገቡ ያለውን እንዳነሣ አዘዙኝ፤ ያኛው ወገቤን ሊቆርጠው ደረሰ። «አየህ፤ አንደኛው ጠምቶታል፣ ሌላኛው ጠግቧል። ጣትህን አፈር ውስጥ አትክተት፤ ላዩ ደረቅ ሆኖ ውስጡ ሊረጥብ ይችላል። ክብደት አይዋሽም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የማጠጣውን ማሰሮ ሁሉ ትንሽ ዘንበል አድርጌ ሳልመዝን ጠብታ ውሃ ሰጥቼ አላውቅም።

የጋሽ ሸምሱ ልማዶች ብዙ ናቸው። ዛፍ ከመንካታቸው በፊት «ቢስሚላህ» ይላሉ። ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ሲያብሱ በግራ መዳፋቸው ከሥር ይደግፉታል፤ የሕፃን ፊት የሚያጥቡ ነው የሚመስሉት። ዛፍ ከማዛወራቸው በፊት ደግሞ ብርሃን በሚያይበት በኩል ካለው ቅርንጫፍ ላይ ቀይ ክር ያስራሉ። አዲሱ ቦታ ሲደርስም ክሩ ወደ መስኮት እንዲዞር ያደርጋሉ። «ዛፍም ቂብላ አለው። ፊቱን ካዞርክበት ተቀይሞ ቅጠሉን ያራግፍልሃል» ይሉ ነበር። ስቄባቸው አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ግን ክሩን ረስቼ አንዱን ዛፍ አዙሬ ተከልኩት፤ በሦስተኛው ሳምንት ወለሉ ሁሉ ቅጠል ሆነ። ከዚያ በኋላ አልሳቅኩም።

ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቁት ግን ለአንገት ነበር። የዛፍ አንገት የሚሉት ግንዱ አልቆ ሥሩ የሚጀምርበትን ቦታ ነው። ሲተክሉ በማሰሮው አፍ ላይ ቀጭን ዱላ አጋድመው ይለካሉ፤ አፈሩ ከአፉ ሁለት ጣት ዝቅ ይላል፤ አንገቱ ደግሞ ከአፈሩ በላይ ሆኖ በግልጽ ይታያል። «ሁለቱ ጣት ለውሃ ነው። አንገቱ ለአየር ነው። አንተን አንገትህ ድረስ ብቀብርህ ትወዳለህ?» ይላሉ። አፈራቸውም ቀላል ነበር፤ ጥቁር አፈር፣ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ የቡና ገለባ፣ ከዚያም ከአካባቢያችን ኮረብታ የሚዛቀው ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ቀይ ድንጋይ ተፈጭቶ። ትኩስ እበት አያስነኩም። ማሰሮው ቀዳዳ ከሌለው ወይ ይበሳል፣ ወይ ዛፉ በተበሳ ተራ ዕቃ ተተክሎ ጌጠኛው ውስጥ በጡብ ላይ ይቀመጣል። ሦስተኛ መንገድ አልነበራቸውም።

ይህን ሁሉ ተማርኩ። ከተማው ውስጥም ስሜ ወጣ። ቡታጅራ ላይ አዲስ ቤት የሠራ፣ ከአዲስ አበባ ዘመድ የሚጠብቅ፣ ልጁን የሚድር ሰው ሁሉ «ያን ደሳለኝን ጥሩልኝ» ይል ጀመር። ጋሽ ሸምሱም ብቻዬን ይልኩኝ ጀመር። የልብ ልብ ተሰማኝ። ጥፋቴ የመጣው ያኔ ነው።

እትዬ ወይንሸት የተባሉ የነጋዴ ሚስት ነበሩ። ባላቸው ጋሽ ሀብቴ ከሞቱ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀን ቀርቷቸው ነበር። ጋሽ ሀብቴ በተጋቡ ሰሞን በቅቤ ቆርቆሮ የተከሉት የጎማ ዛፍ ነበር፤ ቅጠሉ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ፣ ሲቆረጥ እንደ ወተት የሚደማ ነው። ከቆርቆሮ ወደ ባልዲ፣ ከባልዲ ወደ ግማሽ በርሜል እያሉ ሠላሳ ዓመት አሳደጉት። በመጨረሻ በርሜሉንም ዝገት በላው። ልጃቸው ከአዲስ አበባ ሰማያዊ የሚያብረቀርቅ ጥልቅ ማሰሮ ላከች። ለሙት ዓመቱ እንግዳ ሲመጣ ዛፉ በዚያ ማሰሮ ሳሎን ውስጥ እንዲቆም ፈለጉ።

«ከሀብቴ እጅ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው። አደራህን ደሳለኝ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ለእኔ ተዉት» አልኩ። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

ጋሽ ሸምሱ በዚያ ሳምንት ለሰርግ ርቀው ሄደው ነበር። ማሰሮውን በሳሁት፤ መስተዋት የተቀባ ሸክላ ሳይሰነጠቅ መብሳት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ኮራሁበት። ዛፉን በሰባት ሰው አውጥተን አስገባነው። ቀይ ክሩን አስሬያለሁ፤ ክሩ መስኮቱን አይቷል። ግን ማሰሮው ጥልቅ ነው፣ ዛፉ ደግሞ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ከሥሩ አፈር ሞልቶ ከፍ ማድረግ፣ በድጋፍ እንጨት ማሰር፣ ሦስት ወር መጠበቅ ነበር ደንቡ። ሙት ዓመቱ ግን እሑድ ነው። እንግዶች ዘንበል ያለ ዛፍ ሊያዩ ነው።

እጄ ያኔ የአባቴን ሥራ ሠራ። ማሰሮው ሥር ጎረቤት ካለ በረት ያመጣሁትን እበት ደለደልኩ። ዛፉን ወደ ውስጥ አወረድኩት። ግንዱን ሁለት ስንዝር ቀበርኩና አፈሩን ረግጬ አጠበቅኩት። ዛፉ እንደ ወታደር ቀጥ አለ። እንሰት ቢሆን ኖሮ በዓመቱ በር አያስገባንም ነበር። የጋሽ ሸምሱ ዱላ ትዝ አላለኝም ብል እዋሻለሁ፤ ትዝ ብሎኛል፤ ግን የእኛ አገር ሰው በልቡ ጥልቅ የተቀበረና ፍግ የበላ ተክል ይሞታል ብሎ አያምንም። እሑድ ዕለት የመጣ እንግዳ ሁሉ ዛፉን አደነቀ። እትዬ ወይንሸት አለቀሱ፤ ግንባሬን ሳሙኝ።

በሁለት ወሩ አስጠሩኝ። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኗል፤ የላይኛው ተንጠልጥሏል፤ ሳሎኑ ይሸታል። እትዬ ወይንሸት እጃቸውን እያፋተጉ ቆመው ነበር።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አሉ። «አንተ ውሃ በሳምንት አንዴ ብለኸኝ ነበር። እኔ ግን ሀብቴ ትዝ ባለኝ ቁጥር በስኒ ጠብ አደርግለት ነበር። ውሃ አበዛሁበት አይደል? ንገረኝ እንጂ፤ ውሃ አበዛሁበት አይደል?»

«ይሆናል» አልኩ።

አንዲት ቃል ናት። ስትወጣ ቀላል ነበረች።

ዛፉን ወደ ጓሮ አውጥቼ ብቻዬን ነቀልኩት። የተቀበረው ግንድ ልጡ በእጄ ላይ እንደ ተቀቀለ ቆዳ ተላጠ። ሥሩ ጠቁሯል። ከታች እበቱ ተብላልቶ በግማሽ ቀን የበሳሁትን ቀዳዳ እንደ ጭቃ ደፍኖታል። በስኒ የተጨመረ ውሃማ ቀዳዳው ባይደፈን ኖሮ ወርዶ ይሄድ ነበር። የእሳቸው እጅ አልነበረም፤ የእኔ ነው። ጋሽ ሸምሱም ሰምተው ሊያዩ መጡ። ጎንበስ ብለው ልጡ የተላጠበትን በስንዝር ለኩት። አንድ፣ ሁለት። ቀና ብለው አዩኝ።

«ነገርካቸው?»

«እነግራቸዋለሁ ጋሼ።»

አልነገርኳቸውም። በዚያው ሰሞን ወልቂጤ የሚከፈት ሆቴል ዛፍ የሚችል ሰው ይፈልጋል ተባለ፤ የእኔ ስም ተነሥቷል፤ የሰው ዛፍ ገደለ መባልን ፈራሁ። ፈሪ ነበርኩ፤ ከዚህ ሌላ ስም የለውም። ጋሽ ሸምሱ በየበዓሉ ሳገኛቸው «ነገርካቸው?» ይሉኝ ነበር። «ኢንሻአላህ በሉ እንጂ ጋሼ» እያልኩ በቀልድ ልሸሽ እሞክራለሁ። «ኢንሻአላህማ ለሚሞክር ሰው ነው» አሉኝ አንዴ። ከዚያ በኋላ መጠየቅ ተዉ። መተዋቸው ከመጠየቃቸው ይበልጥ አመመኝ።

ወልቂጤ ግን ሥራዬን ሠራሁ፤ ይህን ማንም አይነጥቀኝም። ለሆቴሉ መግቢያ የተገዛው ዛፍ ከአዲስ አበባ በኢሱዙ መኪና፣ ሸራ ሳይለብስ መጣ፤ ነፋስ ቅጠሉን አቃጥሎታል። የመጀመሪያው ሥራ አስኪያጅ የሚቆጣ ሰው ነበር።

«ምርቃቱ ቅዳሜ ነው፤ አስገባው!»

«ሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ ይረፍ። ቅዳሜ ካስገባሁት በወሩ ባዶ ግንድ ነው የሚያስመርቁት።»

«ላባርርህ እንደምችል ታውቃለህ?»

«አባሩኝ። ዛፉን ግን አይንኩት።»

ሆቴሉ ያለ ዛፍ ተመረቀ። ዛፉ በሦስተኛው ሳምንት ገባ። ማሰሮውን የሠራችልን ከከተማው ወጣ ብላ የምትኖር ሸክላ ሠሪ ናት፤ ከመተኮሷ በፊት ከሥሩ አራት ቀዳዳ እንድታበጅ ስለምናት በሳቅ ፈነዳች። «ሌላው ገንቦሽ ያፈሳል ብሎ ሊጣላኝ ይመጣል፤ አንተ እንዲያፈስ ትለምነኛለህ! ምን ዓይነቱ ሰው ነህ?» አለችኝ። በጥርሷ ብታላግጥብኝም ቀዳዳዎቹን እንደ ወንፊት አስተካክላ አበጀቻቸው። አንገቱ ከአፈሩ በላይ ሆኖ ይታያል፤ ከአፉ እስከ አፈሩ ሁለት ጣት። ጫፉ ጣሪያ እየነካ በየዓመቱ እንከረክመው ነበር። ሙሽራ ሥሩ ቆሞ ፎቶ ያልተነሣበት ጊዜ የለም። ከአገናም ከጉንችሬም የሚመጣ ሰው ሚኒባስ እስኪሞላ እሱ ሥር ይቀመጣል። ሌሎች ሆቴሎች አሁን የላስቲክ ዛፍ እየገዙ ነው፤ አቧራውን መጥረግ ብቻ ነው። የእኛው ግን ይተነፍሳል።

ከእኔ እጅ ያለፉ ዛፎች ብዙ ናቸው። አንዱንም ዳግመኛ አልቀበርኩም። ምስጋና ሲመጣ ግን ሁሌ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ጋሽ ሸምሱ የሞቱ ጊዜ ለቅሶ ሄጄ ድንኳኑ ውስጥ እትዬ ወይንሸትን ከሩቅ አየኋቸው። ፊቴን ወደ ሌላ አዞርኩ። ያ ዛፍ ከሞተ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። እንግዲህ አንድም ዛፍ ሞቶበት አያውቅም ሲሉ፣ አዳራሹም ሲያጨበጭብ፣ ጋቢው ከበደኝ።

በሳምንቱ በአገና በኩል ቡታጅራ ሄድኩ። እትዬ ወይንሸት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ፀጉራቸው ነጥቷል፤ ዓይናቸው ግን ይለያል። ስሜን ጠርተው ሳሙኝ፤ ሳሎን አስገቡኝ። ጠረጴዛው ላይ የላስቲክ አበባ አለ። ሌላ አንድም አረንጓዴ ነገር በቤቱ የለም። ሻይ ሳይቀርብ ነገርኳቸው። ሁለት ስንዝር፣ እበቱን፣ የተደፈነውን ቀዳዳ፣ «ይሆናል» ያልኩትን፣ ሁሉንም።

ቀስ ብለው፣

«ልጄ መንገድ ስትሄድ አበባዬን አጠጪልኝ ብላ ቁልፍ ትሰጠኛለች» አሉ። «ጎረቤት እጠራለሁ። እኔ አልነካም። የልጅ ልጄ ችግኝ ይዛልኝ ብትመጣ ሰው ቤት ሰደድኩት። የሀብቴን ዛፍ የገደለ እጅ ነው ብዬ። ሃያ ዓመት! ይሄን እጅ ነው ሃያ ዓመት የፈራሁት!»

እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። መሬት መሬት አየሁ።

«ሽማግሌ እንኳ ይዘህ አልመጣህም?»

«ያጠፋሁትን በሌላ ሰው አፍ ላስነግር አልፈለግኩም እትዬ።»

«ውጣልኝ።»

ተነሣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ። «ወዴት ነው የምትሄደው? ውጣ አልኩህ እንጂ ሂድ አልኩህ? ባጃጅ ጥራ።»

ቀጥታ ችግኝ ጣቢያ ሄድን። የጎማ ዛፎቹን አንድ በአንድ አዩ። እኔ ቀጥ ያለውንና ወፍራሙን ሳሳያቸው አልፈው ሄደው አንዱን ጎንበስ ያለ መረጡ። «ይሄ ይበቃኛል» አሉ። ከመንገድ ዳር ከሸክላ ነጋዴ ጌጥ የተቀረጸበት ማሰሮ ገዙ። ጓሮአቸው ደርሰን እጅጌዬን ልሰበስብ ስል፣

«ተወው። አንተ አትነካውም» አሉኝ። «አንተ ትነግረኛለህ፤ እኔ እተክላለሁ።»

መሬት ላይ ተቀመጡ። ማሰሮው ቀዳዳ እንዳለው አዩ፤ አፈሩን በእጃቸው አደባለቁ። እኔ ቆሜ እነግራቸዋለሁ። ሥሩን ቀስ ብለው አላቀቁት። አንድ ጊዜ ዛፉ ዘንበል ሲል እጄ ሳላውቀው ተዘረጋ፤ አፈር በነካው እጃቸው መታ አደረጉት። «እጅህን ሰብስብ!» ሰበሰብኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የከበደኝ ሥራ አልሠራሁም። አንገቱ ከአፈር በላይ መሆኑን ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፤ ሦስት ጊዜ «አዎ እትዬ» አልኩ። አጠጥተው ሲጨርሱ ዛፉ ትንሽ እንዳዘነበለ ቆመ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። ራት ግን ሳልበላ አልለቀቁኝም።

ሁለት ወር አለፈ። ባለፈው እሑድ ስልኬ ጮኸ።

«አዲስ ቅጠል አውጥቷል» አሉ እትዬ ወይንሸት፤ ሰላምታም አላስቀደሙ። «ቀይ ሆኖ ተጠቅልሎ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ተፈታ።»

«እንኳን ደስ ያለዎት እትዬ።»

«ማን ነው የተከለው?»

«እርስዎ ነዎት።»

ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

«እንደገና በለው» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት የተከሉት፣ እትዬ። በእጅዎ።»